መገጨት ያዋጣል ወይ? በቅርጫት ኳስ ስለ «ቻርጂንግ»

እኛ ጎጃሞች ለድንበር ሙግት እንግዳ አይደለንም። በደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ደጅ የዋለ ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለውን አቤቱታ ሳይሰማ አይመለስም። በቅርጫት ኳስም ተመሳሳይ ሙግት አለ፤ ልዩነቱ ውሳኔው በቅጽበት መሰጠቱ ነው።

ለመሆኑ ቻርጂንግ ምንድን ነው? የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ ማንኛውም ተጫዋች ተጋጣሚው ቀድሞ ያልያዘውን ቦታ የመያዝ መብት አለው ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለባለይዞታ ከሚሰጠው ጥበቃ ጋር ይቀራረባል። ተከላካዩ ቀድሞ ቆሞ አጥቂው ደረቱን ከገጨው ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ኳሱም ለተከላካዩ ቡድን ይሰጣል። ተከላካዩ ዘግይቶ ከገባ ግን «ብሎኪንግ» ተብሎ እሱ ይቀጣል።

ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ መገጨትን ለመገደብ የአሜሪካው ኤንቢኤ በ1997/98 እ.ኤ.አ. የ4 ጫማ ቅስት አሰመረ፤ ፊባም በ2010 እ.ኤ.አ. 1.25 ሜትር ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ አስገባ። ለእርዳታ የመጣ ተከላካይ በዚያ ውስጥ ቆሞ ቢገጭ በአብዛኛው ቻርጂንግ አይጠራለትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በኤንቢኤ ከቅርጫቱ ሥር ከሚሞከሩ 100 ኳሶች 65 ያህሉ ይገባሉ። አጥቂውን ዝም ብሎ ማሳለፍ እንግዲህ በአማካይ 1.3 ነጥብ ያስከፍላል። ብሎኪንግ ከተጠራ 2 ነጻ ውርወራ ነው፤ ከ100 ውርወራ 78 ያህሉ ስለሚገቡ ዋጋው ወደ 1.56 ይጠጋል። ቻርጂንግ ከተጠራ ዜሮ ነው። ከ10 ግጭት 5ቱን ያስፈረደ ተከላካይ 8 ነጥብ ገደማ ይከፍላል፤ 10ሩንም ያሳለፈ 13። 2ቱን ብቻ ያስፈረደ ግን 12.5 ከፍሎ 8 ፋውል ይሸከማል። በፊባ 5፣ በኤንቢኤ 6 ፋውል ከሜዳ ያስወጣል። አጥቂው ተገጭቶም ካስቆጠረ ኪሳራው ይብሳል።

ሒሳቡ የማይቆጥረው ወጪ አካል ነው። በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. የማያሚው ኬቨን ላቭ ለመገጨት ሲቆም የሚልዋኪው ያኒስ አንቴቶኩንፖ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ፤ ሁለት ጨዋታም አመለጠው። ሌላው እዳ ማስመሰል ነው። ሳይገፉት የሚወድቅ ተጫዋች የሐሰት ምስክር ነው። ኤንቢኤ ከ2012/13 ጀምሮ በገንዘብ ሲቀጣው፣ ከ2023/24 ወዲህ በጨዋታው ላይም ለተጋጣሚ አንድ ነጻ ውርወራ ያሰጥበታል።

በእኔ እምነት መገጨት የሚያዋጣው አጥቂው ከመነሳቱ በፊት፣ ከቅስቱ ውጭ፣ ሁለት እግሩን ተክሎ ለሚደርስ ተጫዋች ነው። ረጅም ተከላካይ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቢዘል ይሻለዋል፤ ሮይ ሂበርት በኢንዲያና የታወቀው በዚህ ነበር። ሳይወድቁ መከላከልንም ደንቡ ይፈቅዳል።

የትምህርት ቤት አሠልጣኞቻችን ይህን ልብ ይበሉልኝ። የእኛ ልጅ የሚወድቀው በእንጨት ወለል ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በሲሚንቶ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ቀድሞ መድረስን እንጂ መውደቅን አታስተምሩት። ቀድሞ የደረሰ ይዞታው የራሱ ነው፤ የዘገየ ግን በወገቡ ይከፍላል።