ጥማድ፣ ጋሻና ናሙና፦ የጎጃም የልኬት ታሪክ ለመጠናዊ ጥናት ፕሮፖዛል የሚሰጠው ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በመጠናዊ ጥናት ፕሮፖዛል ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ማለትም የጥናቱ ዘዴ በሚቀርብበት ክፍል ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ከቀደመ ሥራ ተገልብጦ፣ የወረዳው ስም ብቻ ተቀይሮ ሲቀርብ እናያለን። የገጹ ኅዳግ፣ የርእሶቹ ተራ ቁጥር፣ የሠንጠረዦቹ አቀማመጥ ሁሉ የተሟላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አጥኚው ምን እንደሚለካ፣ በምን መለኪያ እንደሚለካና ተጠያቂው ለምን እውነቱን ሊነግረው እንደሚችል አይገልጽም። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በመማሪያ መጻሕፍት ብቻ የሚገኙ አይደሉም። በዚህ በቆምንበት በጎጃም ምድር መንግሥትና ገበሬ ለብዙ ዓመታት የተከራከሩባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ከመለኪያው እንነሣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ብሎ በመክፈል ግብሩን በጋሻ ተመነ። ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ይባል እንጂ ስፋቱ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በጎጃም ግን መሬቱ በቀላድ ተለክቶ በጋሻ አልተከፋፈለም። አንትሮፖሎጂስቱ አላን ሆበን ስለ ደጋ ዳሞት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ርስት ከአቅኚው አባት በአባትም ሆነ በእናት በኩል መወለድን ቆጥሮ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ገበሬው የሚያርሰውን በየቦታው የተበታተነ ማሳ የሚቆጥረው በጥማድ፣ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው መጠን ነበር። ስለዚህ በ1937 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል ጎጃም፣ ትግሬና ቤጌምድር ከወረራው በፊት ይከፍሉት በነበረው መጠን እንዲከፍሉ ተደረገ። ሕጉ ያሰበው የመለኪያ አሃድ በመስኩ ላይ አልነበረም። ዛሬ ገበሬውን “ስንት ሄክታር አለህ?” ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ፣ ጥማድ እንዴት ወደ ሄክታር እንደሚቀየር በፕሮፖዛሉ ካላብራራ፣ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። የተለዋዋጮች ተግባራዊ ፍቺ የምንለው ክፍል ጥቅሙ ይህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የገበሬው ምርት በገማቾች ተገምቶ ግብር እንዲከፈልበት ደነገገ። አዋጁ የርስትን ሥርዓት በቀጥታ አልነካም። ገበሬው ግን ግምቱን የመሬት ልኬት መቅድም፣ ልኬቱንም ርስት የመንጠቂያ መንገድ አድርጎ ተረዳው። ሞጣንና ዳሞትን ጨምሮ በየአውራጃው ዐመፅ ተቀሰቀሰ፤ ጦርና አውሮፕላንም ተላከበት። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ለአጥኚ የሚሆነው ቁም ነገር፣ ተለኪው ለመለኪያው የሚሰጠው ትርጉም የሚሰጠውን መልስ የሚወስን መሆኑ ነው። የመሬት ስፋት፣ የከብት ብዛትና ገቢ ዛሬም ግብርን ወይም ሽግሽግን የሚያስታውሱ ጥያቄዎች ናቸው። ፕሮፖዛሉ መልሱ ወደየትኛው አቅጣጫ ሊያዘነብል እንደሚችል አስቀድሞ ሊናገር፣ ጥቂት ማሳዎችንም በመለካት ማመሳከሪያ ሊያዘጋጅ ይገባል።

ሦስተኛው ስለ ምድብ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሥልጣን ላይ የነበሩ ገበሬዎች “ቢሮክራት” ተብለው ተመደቡ፤ ከሌላው ያነሰ የይዞታ ጣሪያም ተጣለባቸው። አንድ ቃል የሰውን እርሻ ቀነሰ። በስታቲስቲክስ ቋንቋ ይህ ስማዊ ተለዋዋጭ ነው። “ድኻ”፣ “ሞዴል አርሶ አደር”፣ “የቤተሰብ ኃላፊ” የሚሉትን ምድቦች ከቀበሌ መዝገብ ስንገለብጥ፣ ምድቡን ማን፣ መቼ፣ ለምን ዓላማ እንደፈጠረው መጻፍ አለብን።

አሁን ወደ ናሙና ልለፍ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የደብረ ማርቆስ ከተማ ሕዝብ 62,497፣ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ደግሞ 2,153,937 ነበር። ተማሪዎቻችን የሚያዘወትሩትን የታሮ ያማኔን ቀመር በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ብንጠቀም ለከተማው 397፣ ከ34 እጥፍ በላይ ለሚበልጠው ዞን ደግሞ 400 ይወጣል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ቀላል የዕጣ ናሙና ሲወሰድና የሚገመተው አንድ ምጣኔ ሲሆን ነው። ከ20 ቀበሌዎች 20፣ 20 ቤተሰብ ብንወስድ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች መመሳሰል 0.05 ቢሆን እንኳ፣ የንድፍ ተጽዕኖው 1.95 ይሆናል። የ400 ሰው መረጃ የ205 ሰው ያህል ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ ደረጃ በደረጃ ናሙና እወስዳለሁ የሚል ፕሮፖዛል መላምቱን ለመፈተን አቅም ሊያጣ ይችላል።

የናሙና ማዕቀፍም ታሪክ አለው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዷ በሆነችው በጎዛምን ወረዳዋ አዲስና ጉሊት ጭምር፣ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ተካሂዷል። መዝገቡ ለአጥኚ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሚቆጥረው ግን ባለይዞታን ነው። መሬት የሌለው ወጣት በውስጡ አይገኝም። ስለ ገጠር ሥራ አጥነት የሚያጠና ሰው በዚህ መዝገብ ዕጣ ቢያወጣ የሚፈልገውን ሰው ከመጀመሪያው ያጣዋል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ በሦስተኛው ምዕራፍ አራት ነገሮችን በግልጽ ጻፉ፦ የትንተና አሃዳችሁ ሰው፣ ቤተሰብ ወይስ ማሳ መሆኑን፤ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በአካባቢው ቋንቋ በምን እንደሚጠየቅ፤ የናሙና ማዕቀፋችሁ ማንን እንደሚያስቀር፤ ናሙናው ከትንተናው ጋር እንዴት እንደሚጣጣም። መጠይቁንም ከዋናው ናሙና ውጭ በሆነ ቀበሌ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ገና ያልተሠራ ሥራ ነውና በትንቢት ግሥ ጻፉት፤ “ተሰብስቧል” ሳይሆን “ይሰበሰባል” በሉ።

የጎጃም ገበሬ ሊለካው የመጣውን ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣ ሲጠይቅ ኖሯል። ፕሮፖዛላችን ለዚያ ጥያቄ የሚሰጥ የጽሑፍ መልስ ይሁን።