የማሽላ ቅጠልና የክሪስታል ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ዕፀዋት አመጋገብ ሳስተምር፥ ከመተማ የመጣ አንድ እጩ መምህር እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ አባቴ በአዝመራ ጊዜ ገዳሪፍ እየወረደ ማሽላ ያጭድ ነበር። ዝናሙ ቀድሞ ሲያቋርጥ አንዱ እርሻ ወዲያው ገርጥቶ ያልቃል፤ አጠገቡ ያለው ግን አረንጓዴ እንደ ሆነ ፍሬውን ይሞላል ይለኛል። አረንጓዴው ሲሄድ ከቅጠሉ የሚሄደው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ክሎሮፊሉ ነው» አልሁት። ሐሰት አልተናገርሁም፤ ነገር ግን ክሎሮፊል ማለት ያው አረንጓዴው ቀለም ስለ ሆነ፥ ጥያቄውን በባዕድ ቃል አልብሼ መለስሁለት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወዲህ ፈልጌ ያገኘሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ እነሆ አቀርባለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መተማን የታሪክ መምህራን የምናነሣት ዐፄ ዮሐንስ በ1889 ስለ ወደቁበት ጦርነት ነው። ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ በገላባት በኩል የሚሄደው መንገድ ግን የሚያደርሰው ወደ ገዳሪፍ፥ ወደ ማሽላና ወደ ሰሊጥ አገር ነው። ምድሩ ሜዳ፥ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፥ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል። በ1944 የእንግሊዝ ገዢዎች በምሥራቅ አፍሪካ ላሉት ወታደሮች ቀለብ እንዲሆን በዚያ ምድር ማሽላ በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ፤ እርሻውም እየሰፋ ሄዶ ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ ተባለ። አብዛኛው እርሻ የሚጠጣው የዝናም ውኃ ብቻ ነው። ዝናሙ ቀድሞ ያቋረጠ እንደ ሆነ ማሽላው ፍሬውን የሚሞላው ዋልካው ይዞ ባስቀረው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ የተማሪዬ ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነበር። በ1980ዎቹ በረኀብ፥ በ2020ም በጦርነት ከአገራችን የሸሸውን ሕዝብ የተቀበለው ይኸው ምድር ነው፤ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀለው ብዙ ሰው ተጠግቶበታል።

ቅጠል ከብርሃን ምግብ የሚሠራው ክሎሮፕላስት በሚባሉት ደቃቅ ከረጢቶች ውስጥ ነው። በከረጢቱ ውስጥ በመሶብ እንደ ተደረበ እንጀራ የተነባበረ ስስ ሽፋን አለ፤ ክሎሮፊሉም በሽፋኑ ውስጥ ባሉት ፕሮቲኖች ላይ ተሰክቶ ይኖራል። ቀለሙን ብቻውን በአልኮል አሟምተን ለብርሃን ብንሰጠው ብርሃኑን ውጦ መልሶ በቀይ መልክ ይተፋዋል እንጂ ሌላ ሥራ አይሠራም። ክሎሮፊሎቹን በተመጠነ ርቀት አቁሞ፥ በብርሃን ኃይል የተነቀለውን ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያቀባብለው ፕሮቲኑ ነው። ርቀቱን ለመለካት ደግሞ የፕሮቲኑን ቅርጽ እስከ አቶሞቹ ድረስ ማየት ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም መንገዱ ክሪስታል ነበር።

ክሪስታልን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአፋር የጨው ሜዳ ውኃው በፀሐይ ሲተን ጨው እንዴት እየረጋ እንደሚሰለፍ የታወቀ ነው። ራጅ በእንዲህ ያለ ሰልፍ ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት ይበተናል፤ ከአበታተኑም በሒሳብ የአቶሞቹ ስፍራ ይገኛል። አሜሪካዊው ጀምስ ሰምነር፥ በወጣትነቱ በአደን ላይ ግራ እጁን ያጣው ሰው፥ በ1926 ከባቄላ መሰል ፍሬ ያወጣውን ዩሪያዝ የተባለ ኢንዛይም በክሪስታል መልክ አረጋው፤ ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑንም አስታወቀ። አጥብቆ ከተቃወሙት አንዱ ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተር ነበር። እርሱም በ1915 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ክሎሮፊልን በማጥናቱ መሆኑ ይገርመኛል፤ ቀለሙን ያን ያህል ያወቀ ሊቅ የፕሮቲኑን ነገር ሳተ። ሰምነር በ1946 ተሸለመ። በ1950ዎቹ መጨረሻም ኬንድሩና ፔሩትዝ ኦክሲጂን የሚይዙትን የጡንቻና የደም ፕሮቲኖች ቅርጽ አሳዩ።

እነዚህ ሁሉ ግን በውኃ የሚሟሙ ናቸው። በሽፋን ውስጥ የሚኖረው ፕሮቲን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ወገቡ ቅባት ይወዳል፥ ላዩና ታቹ ውኃ ይወዳሉ። ከሽፋኑ አውጥተው ውኃ ውስጥ ቢጨምሩት ይጓጉላል። ሳሙና መሰል ነገር ቢጨምሩለት ሳሙናው ወገቡን እንደ መቀነት ከብቦ ያሟሟዋል፤ ነገር ግን መቀነቱ የወፈረ እንደ ሆነ ጎረቤት ከጎረቤት አያገናኝም፥ ሰልፍም አይኖርም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሽፋን ፕሮቲን በክሪስታል መልክ አይረጋም ብለው ተስፋ ቈርጠው ነበር።

በ1979 ሐርትሙት ሚሼል የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ቅባቱ የተወገደለትን አንድ የሽፋን ፕሮቲን በማቀዝቀዣ አስቀምጦ ሲያበቃ፥ ብርጭቆ የመሰለ ጓል ሆኖ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ በደፋው ነበር። ሚሼል ግን እንዲህ ከረጋ በሥርዓት ሊሰለፍ ይችላል ብሎ ከአለቃው ከዲተር ኦስተርሄልት ጋር ሥራውን ቀጠለ። ያ ፕሮቲን የሚፈለገውን ያህል አልሰለፍ ስላለው፥ በብርሃን ወደሚመገብ ሐምራዊ ባክቴሪያ ዞረ። ቅንጣቱ ትንሽ የሆነውን ሳሙና መረጠ፤ መቀነቱን የሚያሳንስ ሌላ ደቃቅ ቅንጣትም ጨመረበት፤ ከዚያም ጨው ውኃውን በዝግታ እንዲስብ አድርጎ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠበቀ። በሐምሌ 1981 መጨረሻ ክሪስታሉ ተገኘ። ዮሐን ዳይዘንሆፈርና ሮበርት ሁበር ከባልደረቦቻቸው ጋር በራጅ መረመሩት፤ በ1985ም ከ10,000 በላይ የሆኑት የአቶሞቹ ስፍራ ታወቀ። በ1988 ሦስቱም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በ2001 ፎቶሲስተም አንድ የተባለው ከሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ተወስዶ ሲታይ በእያንዳንዱ ክፍል 96 ክሎሮፊል ተቈጠረ። በ2003 በእስራኤል የናታን ኔልሰን ቡድን የአተርን ቅጠል ፎቶሲስተም አሳየ። በ2011 ጃፓናውያን ፎቶሲስተም ሁለት ውኃን የሚሰነጥቅበትን ስፍራ አጥርተው አዩት፤ አራት ማንጋኒዝ፥ አንድ ካልሲየም፥ አምስት ኦክሲጂን ናቸው። የምንተነፍሰው ኦክሲጂን የሚወጣው ከዚያች ስፍራ ነው። ዛሬ ፕሮቲኑን በድንገት አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያይ ጥበብ ስለ ተገኘ፥ ክሪስታል ማሳደግ እንደ ቀድሞው የግድ አይደለም።

አሁን ወደ ማሽላችን እንመለስ። በ1970 በአውስትራሊያ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል ሲመረመር፥ የቅጠሉን ሥሮች በሚከቡት ሕዋሶች ውስጥ ፎቶሲስተም ሁለት እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ካርቦን የሚይዘው ኢንዛይም ኦክሲጂን አጠገቡ ሲበዛ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ማሽላ ኦክሲጂን አመንጪውን ከዚያ ክፍል አርቆታል። በገዳሪፍ ሐሩር ስንዴ ሲደክም ማሽላ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1979 ወደ ሱዳን የሄዱት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅ የሚችለውን ሀጌን ዱራ 1 የተባለ ድቅል ማሽላ አውጥተው በ1983 ለገበሬ እንዲሰጥ አበቁ፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በድርቅ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የመቆየት ጠባይ ደግሞ በዓለም ላይ ከተጠናባቸው የማሽላ ዘሮች ዋነኛው ቢ 35 የሚባለው ነው፤ የዘር ግንዱም የኢትዮጵያ ማሽላ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ መስጠት የነበረብኝ መልስ ይህ ነበር። ውኃ ሲያጥር ማሽላው እነዚያን የሽፋን ፕሮቲኖች ራሱ ያፈርሳቸዋል፤ ናይትሮጂናቸውንም ወደ ፍሬው ይልካል። ከፕሮቲኑ የተለየ ክሎሮፊል ብርሃን ሲያገኝ ሕዋሱን የሚጐዳ ስለ ሆነ፥ እርሱም ቀለሙን እንዲያጣ ይደረጋል፤ መገርጣት የምንለው ይህን ነው። የቢ 35 ወገን ፕሮቲን ከሌላው የጠነከረ ሆኖ አይደለም፤ ከማበቡ በፊት ቅጠሉን አሳንሶ፥ ቅርንጫፉንም ቀንሶ ስለሚያድግ፥ ከዋልካው ውኃ ለመጨረሻው ሳምንት ያስቀራል፥ ለማፍረስም አይቸኩልም።

ይህን ዛሬ በመተማ አስተማሪ ለሆነው ለዚያ ተማሪ ጻፍሁለት። አባቱን ጠይቆ የመለሰልኝ፥ ያ ሳይገረጣ የሚቆየው ማሽላ ገና ከጧቱም ቅጠሉ አነስ ያለ ነበር የሚል ነው።