ከፋራዴይ የመስታወት ቱቦ እስከ ላፍቶ ሲሊንደር

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ይታወቃል። ከሰል ያለው ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ያቀጣጥላል፤ ሲሊንደር ያለው ቡታጋዙን ይከፍታል። ወጡ ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ከቆየ በኋላ የሲሊንደሩን ታች የነካ ሰው ቀዝቀዝ ይለዋል። ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ከብረቱ ሙቀት ስለሚወስድ ነው።

ጋዝ በብረት ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ መቀመጡ ዛሬ ማንንም አይገርምም። ነገሩ ግን 200 ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው። ታሪኩም ከነዳጅ ጉድጓድ አይነሳም፤ ሳይንስ ጋዝ ሃይድሬት ከሚለው እንግዳ በረዶ ይነሳል። የዚህ በረዶ ታሪክ ኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል ስላላት ጋዝም የሚነግረን ነገር አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◾️ ዓይን ሊያጠፋ የነበረ ሙከራ

በ1810 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተዋለ። ክሎሪን የሟሟበት ውሃ ከንጹሕ ውሃ ቀድሞ ይረጋል። በ1823 ረዳቱ ማይክል ፋራዴይ ጉዳዩን ያዘው። ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በልጅነቱ የመጽሐፍ ጥራዝ ሙያ ነበር የተማረው። የክሎሪኑን በረዶ መርምሮ አብዛኛው ውሃ፣ ጥቂቱ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጠ። ቀጥሎ በዴቪ ምክር በረዶውን የታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቶ አሞቀው። በረዶው ሲፈርስ ጋዙ መውጫ አጣ። በራሱ ግፊት ተጨምቆም ቢጫ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ሆነ።

ሙከራው ዋጋ አስከፍሏል። ከቱቦዎቹ አንዱ ፈንድቶ በርካታ የመስታወት ስብርባሪ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እርሱ ግን አላቆመም፤ በዚያው ዘዴ ሌሎች ጋዞችንም ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። ላፍቶ ማዕድ ቤት ያለው ሲሊንደር የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ጋዙን ፈሳሽ አድርጎ የያዘው ግፊቱ ነው።

◾️ ቧንቧ የደፈነው "በረዶ"

ሃይድሬት ምንድን ነው? የውሃ ሞለኪውሎች በብርድና በከፍተኛ ግፊት ተያይዘው ቀፎ ይሠራሉ። ጋዙ እንደ ንብ ቀፎው ውስጥ ይቀመጣል። ከውሃው ጋር በኬሚካል አይጣመርም፤ ታስሮ ብቻ ይኖራል። ግፊቱ ሲቀንስ ወይም ሙቀት ሲነካው ቀፎው ይፈርስና ጋዙ ያመልጣል። ክብሪት ቢለኩሱበት ይነዳል፤ "የሚነድ በረዶ" የተባለውም ለዚህ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የሚቴን ሃይድሬት ሲፈርስ 160 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይለቅቃል።

ከፋራዴይ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሃይድሬት ለቤተ ሙከራ ሰዎች መመራመሪያ ከመሆን አላለፈም። ነገሩን የቀየረው ችግር ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ጋዝን በረጅም ቧንቧ ማመላለስ ስትጀምር ቧንቧዎቹ በክረምት መደፈን አበዙ። ውሃ ቀዝቅዞ ነው ተባለ። በ1934 ግን ሐመርሽሚት የተባለ ኬሚስት ደፋኙ ተራ በረዶ ሳይሆን ሃይድሬት መሆኑን አሳየ። ተራ ውሃ ሊረጋ በማይችልበት ሙቀት እንኳ ቧንቧ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የጋዝ ኢንዱስትሪ ጋዙን ከእርጥበት ያደርቃል፤ አለዚያም ሜታኖልን የመሰለ መከላከያ ይጨምርበታል።

ችግሩ ግን ዛሬም አልተቀበረም። በሚያዝያ 2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የዲፕዋተር ሆራይዘን ማማ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። የሚፈሰውን ዘይት ለመሰብሰብ ግዙፍ የብረት ክዳን ወደ ባሕሩ ወለል ወረደ። ክዳኑ ውስጥ ሃይድሬት ተጋግሮ መውጫውን ደፈነውና ሙከራው ከሸፈ። ዘይቱ ለሳምንታት መፍሰሱን ቀጠለ።

◾️ እንቅፋቱን ሀብት ያደረገው ሰው

በ1960ዎቹ ሞስኮ በሚገኘው የጉብኪን ተቋም ዩሪ ማኮጎን የተባለ ተመራማሪ ጥያቄውን ገለበጠው። ሃይድሬት በሰው ሠራሽ ቧንቧ ውስጥ የሚፈጠር ከሆነ፣ ብርድና ግፊት ባለበት የሳይቤሪያ ምድር ሥር ለምን አይፈጠርም? ብዙዎች ተጠራጠሩ። ማኮጎን ክርክር አላበዛም፤ በአለት ናሙና ውስጥ ሃይድሬት እንደሚፈጠር በሙከራ አሳየ። በ1969 እርሱና ባልደረቦቹ ያገኙት ነገር በሶቪየት ኅብረት እንደ ሳይንሳዊ ግኝት ተመዘገበ። በዚያው ሰሞን ሥራ የጀመረው የሳይቤሪያው ሜሶያኻ የጋዝ መስክ ከሃይድሬት ጋዝ የወጣበት የመጀመሪያው መስክ ተብሎ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል፤ ከጋዙ ምን ያህሉ በእርግጥ ከሃይድሬት እንደመጣ ግን አሁንም ያከራክራል።

ጃፓን በ2013፣ ቻይና በ2017 ከባሕር ወለል በታች ካለ ሃይድሬት ጋዝ አውጥተው ሞከሩ። የጃፓኑ ሙከራ ለስድስት ቀን፣ የቻይናው ለሁለት ወር ያህል ዘልቋል። በገበያ ደረጃ ግን እስካሁን የተሳካለት አገር የለም።

◾️ ካሉብ፦ የተገኘና ያልታወቀ

ኢትዮጵያ ጥልቅ ባሕር የላትም፤ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖር መሬትም የላትም። ስለዚህ የሃይድሬት ክምችት አይጠበቅባትም። ያላት ተራ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሜሶያኻ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። ከዚያ በኋላ አብዮት መጣ፤ ጦርነት ተከተለ፤ ኩባንያው ወጣ። በ1980ዎቹ ሶቪየቶች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓድ ቆፈሩ። በ1990ዎቹ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ቀጥሎ የማሌዥያው ፔትሮናስ፣ ከዚያ ፔትሮትራንስ፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ተፈራረቁ። በመሐሉ ደም ፈሷል፤ በ2007 አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ተገድለዋል።

ጋዙ ግን ከምድር ሥር ቆየ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ጋዝ ያላት አገር ለማዕድ ቤቷ የሚሆነውን በዶላር ስትገዛ ኖረች። በመጨረሻ በጥቅምት 2025 በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደው የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። ሁለት ትውልድ ያለፈበት ጥበቃ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ካሉብ ተመረቀ ማለት የላፍቶው ሲሊንደር ነገ ይረክሳል ማለት አይደለም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ መጠነኛ ግፊት ብቻ ፈሳሽ ያደርጋቸዋል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በተራ የአየር ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። የሚጓጓዘው በልዩ ቦቴ ነው፤ የሚስማማውም ለፋብሪካ፣ ለኃይል ማመንጫና ለከባድ መኪና ነው።

◾️ ታዲያ ሃይድሬት ለእኛ ምናችን ነው?

አንደኛ፣ ኦጋዴን ሞቃት ነው ተብሎ የሐመርሽሚት ችግር አይቀርም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ በቫልቭ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ በኃይል ይቀዘቅዛል። እርጥበት ካለበት በጠራራ ፀሐይም መስመሩን ሊደፍን ይችላል። ይህንን አስቀድሞ አስልቶ የሚከላከል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በ1990ዎቹ የኖርዌይ ተመራማሪዎች፣ በኋላም ጃፓኖች፣ ጋዝን በሃይድሬት መልክ የማጓጓዝ ሐሳብ ገፍተውበታል። ሃይድሬት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቶሎ አይፈርስም፤ ስለዚህ የ162ቱን ያህል ውድ ብርድ አይጠይቅም። ጉድለቱም ግልጽ ነው። የጭነቱ አብዛኛው ክብደት ውሃ ነው። ጋዙም በፈሳሽነት 600 እጥፍ ሲታመቅ በሃይድሬት ከ170 እጥፍ አይበልጥም። ለኢትዮጵያ መንገድና ርቀት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ምናልባት አያዋጣም። ግን "አያዋጣም" ለማለትም የሚያሰላ ሰው ይጠይቃል።

ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ጋዝ ማግኘትና ጋዝን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ፋራዴይ ሙከራውን ሲያደርግ ማንም ሲሊንደር አላዘዘውም። ማኮጎንም ጥያቄውን ያነሳው ሌሎች እንደ እንቅፋት ብቻ ባዩት ነገር ላይ ነው። የካሉብን ታሪክ ያየ ደግሞ ጋዙን ያገኙት፣ የለኩትና የቆፈሩት በየዘመኑ የመጡ እንግዶች መሆናቸውን ያያል። እንግዳው ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ሄደ፤ ተከታዩ ሲመጣ ድርድሩ እንደገና ከባዶ ተጀመረ።

ስለዚህ ከምርቃቱ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት የሊትሩ ብዛት ብቻ አይደለም። በውሉ ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ ኬሚስትና ኢንጂነር ይሠለጥናል? የጉድጓዶቹ መረጃ ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ይደርሳል? ሃይድሬት በከፍተኛ ግፊት የሚጠናበት አንድ ቤተ ሙከራ ይቋቋማል?

ላፍቶ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚሄድ መልእክት ለሕዝቡ እንግዳ ነበር፤ ሰዉ ግን በራሱ ቋንቋ ስም አወጣለት። ከውጭ የመጣውን ዕቃ ስም አውጥቶ ቤተኛ ማድረግ ለዚህ ሕዝብ አዲስ አይደለም። የቀረው ዕውቀቱን ቤተኛ ማድረግ ነው። ይህ ካልሆነ የካሉብ ጋዝ ተሟጦ ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ባዶ ሲሊንደር ብቻ ይሆናል።