ኳርተርባክን ማን እንበለው?

«ሩብ ተከላካይ» የሚል ቃል ሰሞኑን በዝቷል። በስፖርት ዜና ርዕስ ላይ አየሁት፣ በቪዲዮ ግርጌ በሚያልፍ ጽሑፍም አየሁት። «ሩብ ጀርባ» የሚባል ታናሽ ወንድምም አለው። ሁለቱም የተወለዱት ኳርተርባክ የሚለውን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የእንግሊዝኛ ስም ለሁለት ሰንጥቆ፣ እያንዳንዱን ክፋይ ለየብቻ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከመፈለግ ነው። ኳርተር ሩብ ነው። ባክ ጀርባ ነው፤ ተርጓሚው እግር ኳስ የሚከታተል ከሆነ ደግሞ ተከላካይ ይሆናል።

«ሩብ ጀርባ» ሥጋ ቤት ገብተው የሚያዙት ነገር ይመስላል እንጂ ማንንም አያሳስትም። የሚያሳስተው «ሩብ ተከላካይ» ነው። ተከላካይ በአማርኛ የስፖርት ቋንቋ ትርጉሙ የረጋ ቃል ነው፤ የተቃራኒን ቡድን ጥቃት የሚመክት ማለት ነው። ኳርተርባክ ግን ሜዳ የሚገባው ቡድኑ ኳስ ይዞ ሲያጠቃ ብቻ ነው። መከላከል ሲመጣ ሌሎች 11 ሰዎች ይገባሉ፤ እሱ ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ውሃውን ይጠጣል። የጥቃቱን ራስ ተከላካይ ብሎ መጥራት ትርጉም አይደለም፤ ስም ማጥፋት ነው።

ባክ የሚለው የቃሉ ክፍል ጀርባንም መከላከልንም አይመለከትም። ጨዋታው ከራግቢ ሲወጣ፣ ከፊተኛው መስመር ኋላ የሚቆሙት ተጫዋቾች የተሰየሙት በርቀታቸው ነበር። ለመስመሩ የቀረበው ሩብ፣ ቀጥሎ ያለው ግማሽ፣ ከሁሉ የራቀው ሙሉ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ዋልተር ካምፕ የሚባለው የጨዋታው አባት ባመጣው ደንብ፣ ኳሱ ከመሬት ወደ ኋላ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚቀበለው ሰው በዚህ ስም እንዲጠራ ተወሰነ። ያው ደንብ ሰውየው ኳሱን ይዞ ወደ ፊት እንዳይሮጥ ከልክሎታል። ወደ ፊት መወርወር ደግሞ እስከ 1906 ድረስ ለማንም አልተፈቀደም። እንግዲህ ዛሬ ኳርተርባክ የሚታወቅባቸው ሁለት ሥራዎች፣ መወርወርና መሮጥ፣ ስሙ ሲወጣለት አልነበሩም። እንግሊዝኛው ራሱ ያረጀ ልብስ እንደለበሰ ቀርቷል። እኛ ያንን ልብስ ተውሰን እንደገና መጣፍ ለምን ያስፈልገናል?

ቃሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ይኖራል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያን ጨምሮ፣ ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዱ ነው። እዚያ የተወለዱ ልጆች እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚያዩት ይህን ጨዋታ ነው። አያት ከጎናቸው ተቀምጠው «ይኼ ልጅ ሥራው ምንድን ነው? ሁሉም የሚያየው እሱን ነው» ብለው ሲጠይቁ የሚመለስላቸው ቃል ያስፈልጋል። በ2024 የውድድር ዘመን ደግሞ ጥያቄው በዛ፤ ምክንያቱ የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንየልስ ነው።

የዋሽንግተን ቡድን በ2023 አሸንፎ የወጣው 4 ጊዜ ብቻ ነበር፤ 13 ጊዜ ተሸንፏል። በ2024 ከኤልኤስዩ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ዳንየልስን በሊጉ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምልመላ በሁለተኛ ተራ መረጠ። በዚያው ዓመት ውጤቱ ተገልብጦ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። አሠልጣኙም አዲስ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ለአንድ ልጅ መስጠት አይገባም። ነገር ግን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተብሎ የተሸለመው እሱ ነው። የልጁን የአንድ ዓመት ሥራ የማነሳው ለሌላ አይደለም፤ ተፎካካሪዎቹን ቃላት ልመዝንበት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ወርዋሪ ነው። ቃሉ ንጹሕ ነው፣ ከጉግስም ከጦር ውርወራም እናውቀዋለን። ብዙዎች «ኳስ አቀባይ» የሚሉትንም ያስንቃል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእግር ኳስ ጋዜጠኞቻችን ቅብብል የሚሉት ቃል ተቀባበለ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በውስጡ መስጠትም መቀበልም አለ፣ ኳሱ ይሄዳል ይመለሳል። በዚህ ጨዋታ ግን አንዴ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ለወርዋሪው አይመለስም። ስለዚህ ቅብብል አይደለም፣ ውርወራ ነው። አቀባይ የሚለው ደግሞ ኳሱን በእጁ ለሯጩ ሲያስጨብጠው ብቻ ልክ ይሆናል።

ዳንየልስ በዚያ ዓመት 480 ጊዜ ወርውሮ 331ዱ ተይዞለታል፤ ከመቶ 69 ማለት ነው። በውርወራ የሄደው ርቀት 3,568 ያርድ፣ ታችዳውኑ (የተቃራኒው መጨረሻ ክልል የደረሰው) 25፣ በተቃራኒ የተጠለፈበት 9። በዚህ ብቻ ወርዋሪ የሚለው ስም በቂ ይመስላል። ግን ልጁ በእግሩ 148 ጊዜ ሮጦ 891 ያርድ ሸፍኗል። አንድ ጀማሪ ኳርተርባክ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ሮጦ አያውቅም፤ የቀድሞው ክብረ ወሰን 815 ሲሆን ባለቤቱም የዚሁ የዋሽንግተን ቡድን ልጅ ሮበርት ግሪፈን ነበር። ወርዋሪ ካልነው እነዚህ 891 ያርዶች የማን ይሆናሉ?

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካኖቹም በዚሁ ተሰናክለዋል። ኳርተርባኮችን የሚመዝኑበት አንድ ስሌት አላቸው፤ ሊጉ በ1973 ተቀብሎታል። አራት ነገር ብቻ ይቆጥራል፦ ከተወረወረው ስንቱ ተያዘ፣ በአንድ ውርወራ ስንት ያርድ ተገኘ፣ ከመቶ ውርወራ ስንቱ ታችዳውን ሆነ፣ ስንቱ ተጠለፈ። ጣሪያው 158.3 የሚባል ግራ የሚያጋባ ቁጥር ነው። ዳንየልስ 100.1 አገኘ፤ ጥሩ ነው። ሩጫው ግን ስሌቱ ውስጥ የለም፣ አንዲት ያርድም አልገባችም። ሰውየውን ወርዋሪ ብቻ አድርጎ የሚያይ ስሌት ግማሽ ሰው ይመዝናል፤ እንዲህ ያለ ስምም ግማሽ ሰው ይጠራል።

ሁለተኛው እጩ አምበል ነው። ኳርተርባክ ብዙ ጊዜ አምበል ይሆናል፤ ግን አምበልነት ሹመት ነው፣ ቦታ አይደለም። በረኛም አምበል ይሆናል። ሦስተኛው አቀናባሪ ነው፤ ይህን ሙዚቀኞች ወስደውታል፣ ከእጃቸው የሚነጥቅ የለም። አራተኛው ከሁሉ የሚያምረኝ ነው፦ አውራጅ። በዘፈናችን አውራጅ ያወርዳል፣ ተቀባይ ይቀበላል። በዚህ ጨዋታም ኳሱን ከሩቅ የሚይዙት ተጫዋቾች ስማቸው ተቀባይ ነው፤ እንግሊዝኛውም ከዚህ የተለየ አይልም። አውራጅና ተቀባይ ተብለው ቢጠሩ እንዴት ባማረ! ግን አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ጭኖ ቤት የቀየረ ሰው አውራጅ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ነው። «ጫኝና አውራጅ» ቃሉን አበላሽቶብናል፤ ከዋጋ ክርክር በፊት ሜዳ የሚገባ ሰው አይመስልም።

እኔ የምመርጠው አዝማች የሚለውን ነው።

ሥሩ ዘመተ ነው። የሚሄደው ዘማች፣ ሥራው ዘመቻ፣ ሌላውን አስከትሎ የሚያዘምተው አዝማች። ቃሉ በአስደራጊ ግስ ላይ የቆመ ስለሆነ መሪው ብቻውን አይታሰብም፤ የሚያዘምታቸው ሰዎች በስሙ ውስጥ አሉ። ደግሞም አባቶቻችን አዝማችን በቦታ ይለዩት ነበር፦ በቀኝ የሚሰለፈው ቀኝ አዝማች፣ በግራው ግራ አዝማች፣ የደጁ ደጅ አዝማች። እነዚህ ተጣጥፈው ቀኛዝማች፣ ግራዝማችና ደጃዝማች ሆኑ። እንግሊዝኛው ተጫዋቾቹን ከመስመሩ ባላቸው ርቀት ከሰየመ፣ አማርኛም የጦር መሪዎቹን ከሰልፉ ባላቸው ቦታ ሰይሟል። የሚያስፈልገን ዘዴ ከእኛው ጓዳ አለ ማለት ነው።

ሥራውም ይገጥማል። በኳርተርባኩ የራስ ቁር ውስጥ ትንሽ የድምፅ መቀበያ አለች፤ ይህን የያዘ ቁር ከኋላው አረንጓዴ ነጥብ ይለጠፍበታል። አሠልጣኙ ትእዛዙን በእሷ ይልካል። እያንዳንዱን ሙከራ ለመጀመር ከተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሩቅ ነው። ልጁ ለአሥሩ ጓደኞቹ ትእዛዙን ያስተላልፋል፣ የተቃራኒውን አሰላለፍ አይቶ ካልጣመው ይቀይረዋል፣ ኳሱን ይቀበላል፤ ከዚያ ያቀብላል፣ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል። አዝማች የሚለው ስም ከሦስቱ አንዱንም አያስቀርም። አዝማች ከሠራዊቱ ጋር ራሱም ይዋጋል እንጂ ቁጭ ብሎ አያዝም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 2024 በላንዶቨር ሜሪላንድ የሆነውን ያየ ሰው ይህን አይከራከረኝም። ቺካጎ 15 ለ 12 እየመራ ነው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ዳንየልስ በሳምንቱ መጀመሪያ ጎኑን ታሞ መሰለፉ እንኳ አጠራጣሪ ነበር። ኳሱን ይዞ ወዲያና ወዲህ ከ12 ሰከንድ በላይ ሲያሳድዱት ቆየና ያውጣህ ያውጣሽ ብሎ ወረወረው። ኳሱ በሰው መሐል ተገጭቶ ሲነጥር ኖዋ ብራውን ከኋላ ቆሞ ያዘው፤ 18 ለ 15። አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን ውርወራ በማርያም ጸሎት ስም ይጠሩታል። እኛ ደግሞ ያውጣህ ያውጣሽ እያለን ሌላ ስም ፍለጋ አንሂድ።

አዝማች ላይ የሚነሱ ሁለት ቅሬታዎች አሉ። አንደኛው የፊውዳል ማዕረግ ነው የሚል ነው። ማዕረጎቹ ከዘውዱ ጋር ሄደዋል፤ ቃሉ ግን ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል። በረኛ የጌታ በር ጠባቂ ነበር፣ ዛሬ የጎል በር ይጠብቃል፣ የቀየመ የለም። አሎሎም ድንጋይ ነበር፤ አትሌቶች ሲወረውሩት የስፖርት ቃል ሆነ። ሁለተኛው ቅሬታ ከበድ ይላል፦ ዛሬ አዝማች ሲባል ወጣቱ የሚሰማው የዘፈን አዝማች ነው። እውነት ነው። ሆኖም አንድ ቃል በዘፈንና በሜዳ ሲውል ሰሚው ከዐውዱ ይለየዋል፤ «የዋሽንግተኑ አዝማች ተጎዳ» ሲባል ዜማው ተሰበረ ብሎ የሚያስብ አይኖርም።

ስለ ዋሽንግተን ቡድን ስም አንድ ነገር ልበልና ልመለስ። ቡድኑ የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች የሚያስቀይመውን የድሮ ስሙን በ2020 ትቶ፣ ሁለት ዓመት ያለ ቅጽል ከቆየ በኋላ በ2022 ኮማንደርስ ተባለ። አገር ቤት ኮማንደር የፖሊስ ማዕረግ ስለሆነ «ኮማንደሮቹ ተሸነፉ» የሚል ርዕስ ያነበበ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የተቋም ስም ነውና እንዳለ ይቀመጥ፤ አዛዦች ብሎ መተርጎምም አያስፈልግም። የተቋም ስም አይተረጎምም፣ የሥራ ስም ግን ይተረጎማል።

ኳርተርባክን እንዳለ እንውሰደው የሚሉትንም አከብራለሁ። ጎል፣ ሊግና ፔናልቲን ወስደናል፣ አልሞትንም። ግን የተዋስነው ቃል ፍቺውን ይዞ አይመጣም፤ ኳርተርባክ ተብሎ ለአያት ቢነገራቸው ጥያቄያቸው እንዳለ ነው። አዝማች ቢባሉ ግማሹ መልስ በእጃቸው ገባ። ኳርተርባክ በእንግሊዝኛ ከሜዳ ወጥቶ ምሳሌያዊ ንግግር ውስጥም ገብቷል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ የሚል ተቺን «የሰኞ ጠዋት ኳርተርባክ» ይሉታል። ይህንንም ቃል በቃል የሚተረጉም አይጠፋም፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለን።

የዳንየልስ ዓመት እንዴት እንዳለቀ ለማወቅ ለምትፈልጉ፦ በጥሎ ማለፉ ታምፓ ቤይን 23 ለ 20፣ ዲትሮይትን 45 ለ 31 አሸንፎ፣ ቡድኑን ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ላልደረሰበት የኮንፈረንስ ፍጻሜ አበቃው። እዚያ ፊላዴልፊያ 55 ለ 23 ደቆሰው። ዘመቻው እዚያ ቆመ።

አሁን የቀረኝ አንድ ዕዳ ነው። ኢንተርሴፕሽንን ጠለፋ ብያለሁ፣ የምመለስበትም አይመስለኝም። አዝማቹ ሳይወረውር ከመስመሩ ኋላ ተይዞ ሲጣል ሳክ የሚሉትን ግን አልቻልኩትም፤ ውድቀት ይበዛበታል፣ ምርኮ ይከብደዋል። የተሻለ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻ ጆንያ ብላችሁ እንዳትልኩ።