የሂልደ እጅ ሥራ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስፋቱ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ ነገርና እሱን ስለነካች እጅ ነው። አገሩ ጀርመን ነው፤ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። መንገዱ ረዘም ስለሚል ቀስ ብለን እንሂድ።

እያንዳንዳችን ስንፀነስ አንዲት ሕዋስ ነበርን። አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣ ከዚያም መቁጠር እስኪያቅት ተባዙና ገሚሱ ቆዳ፣ ገሚሱ አጥንት፣ ገሚሱ ደም፣ ገሚሱ ደግሞ ይህን ትረካ የሚያዳምጠው አእምሮ ሆነ። ቆዳውን ቆዳ ሁን ያለው ማን ነው? የነርቩ መስመር በጀርባ በኩል እንጂ በሆድ በኩል እንዳይዘረጋ የከለከለውስ? እናቶቻችን «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለው ያርፋሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም። ነገር ግን ሥራው በምን አኳኋን እንደሚከናወን ለማየት ጎንበስ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጎንበስ እንዳሉም ዕድሜያቸው ያለቀ አሉ።

በ1888 ቪልሄልም ሩ የሚባል ጀርመናዊ የእንቁራሪት እንቁላል ለሁለት ሕዋስ ሲከፈል ጠበቀና በጋለ መርፌ አንዷን ወጋት። አንዷ ሞተች፣ የቀረችው አደገች፣ አደገችና ግማሽ ፅንስ ሆነች። እንግዲህ እያንዳንዷ ሕዋስ ድርሻዋን ከመጀመሪያው ተካፍላ ትወጣለች ማለት ነው ተባለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሃንስ ድሪሽ የተባለው ሌላው ሰው የባሕር ጃርት እንቁላል ለሁለት ሲከፈል በውሃ ውስጥ ነቅንቆ ለያያቸውና ቢጠብቅ፣ ሁለቱም ግማሽ ሳይሆኑ ሙሉ ሆነው አደሩለት፤ መጠናቸው አነስ ከማለቱ በቀር ምንም አልጎደላቸውም። አሁን ማንን እንመን? ኋላ እንደታወቀው ሩን ያሳሳተችው የሞተችው ሕዋስ ናት፤ ከጎረቤቷ ሳትነሳ እዚያው ተጣብቃ ቀርታ ነበርና፣ የቀረችው ብቻዋን መሆኗን አላወቀችም። ጎረቤት የሚለውን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን የሽቱትጋርት አሳታሚ ልጅ፣ የእንስሳት ጥናት ሰው የሆኑት ሃንስ ሽፔማን ሳንባቸውን ታመሙ። ጊዜው ከ1896 ወደ 1897 የሚያሻግረው ክረምት ነው፤ ሰውዬው በሕሙማን ማረፊያ ተኝተው ከማንበብ በቀር ሥራ አልነበራቸውም። በእጃቸው የገባው መጽሐፍ ደግሞ ኦገስት ቫይስማን ስለ ዘር ውርስ የጻፈው ነበር። በአልጋ ላይ ሆነው አነበቡት፣ ሲያነቡም ከጸሐፊው ጋር በልባቸው ተሟገቱ፣ ሲድኑ ተነሥተው ሙግቱን በእንቁላል ላይ ሊፈትኑት ቆረጡ። እስቲ አስቡት፤ ያ ሳል ባይይዛቸው ኖሮ ይህን ትረካ ሌላ ሰው በሌላ መልክ ይተርከው ነበር።

መሣሪያቸው ምን መሰላችሁ? የጨቅላ ልጃቸው ፀጉር ነው። የአዋቂ ፀጉር ይወፍራል፣ ይሻክራልም፤ የሕፃን ፀጉር ግን እንቁላሉን ሳይቀድ ያንቀዋል። ሽፔማን ፀጉሩን ቋጠሮ አድርገው በኒውት እንቁላል ወገብ ላይ አሰሩት። ኒውት ከእንቁራሪት ዘመዶች ወገን የሆነ፣ ጅራት ያለው፣ በኩሬ የሚራባ ትንሽ እንስሳ ነው። ቋጠሮው ላላ ብሎ ሲታሰር ሁለት ራስና አንድ ጅራት ያለው ፅንስ ወጣ፤ አጥብቀው ሲለዩት ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሙሉ መንታ፣ አንዳንዴ ግን አንዱ ሙሉ ፅንስ፣ ሌላው ጀርባ የሌለው የሆድ ሥጋ ብቻ ሆነ። ታዲያ ሽፔማን አሰላሰሉ፤ ከእንቁላሉ አንድ ወገን አንዳች ነገር አለ፣ እሱን ያገኘ ይሟላል፣ ያጣው ሆድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሴቲቱ እንምጣ። ሂልደ ፕሮሾልት በ1898 በቱሪንገን ምድር ጎታ በምትባል ከተማ ተወለደች፤ አባቷ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ እሷ በየና ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፣ ከየናም ወደ ፍራንክፈርት አለፈች፣ በፍራንክፈርትም አንድ ቀን ሽፔማን ስለ ፅንስ የሰጡትን ንግግር ሰማች። ከዚያ በኋላ ልቧ ሌላ ቦታ አልረጋም። በ1920 ዕቃዋን ይዛ ወደ ደቡብ፣ ከጥቁር ደን ግርጌ ወዳለችው ወደ ፍራይቡርግ ወረደች፤ ሽፔማን እዚያ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም። ጀርመን በጦርነት ተሸንፋ፣ ገንዘቧ በየቀኑ እየቀለለ፣ ሕዝቧ ድንች ቆጥሮ የሚበላበት ዘመን ነበር። አብሯት ይማር የነበረው ቪክቶር ሃምቡርገር ሸምግሎም ስለ እሷ መጻፍን አልተወም።

ሽፔማን መጀመሪያ የሰጧት ሥራ ግን የማይሆን ሥራ ነበር። አብርሃም ትሬምብሌ የሚባል ሰው በ1740ዎቹ ሃይድራ የተባለውን ደቃቅ የውሃ እንስሳ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬዋለሁ ብሎ ነበርና፣ እሷም ያንን እንድትደግም ታዘዘች። ሞከረች፣ አልሆነም፤ ደግማ ሞከረች፣ እንቢ አለ። ከዚያ ሄዳ ሌላ ሥራ ስጡኝ አለች። ለታላቅ ፕሮፌሰር ይህን ማለት በዚያ ዘመን ቀላል አይምሰላችሁ። እሳቸውም ሰጧት፤ የሰጧት ደግሞ ለራሳቸው ስም የሚሆነውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኒውት ፅንስ ገና ድቡልቡል ሳለ፣ በአንድ ጎኑ ትንሽ ስንጥቅ ይከፈትና የውጭ ሕዋሶች በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባሉ። የስንጥቁ የላይኛው ጠርዝ የላይኛው ከንፈር ይባላል። ሽፔማን ቀደም ብለው ከአንድ ፅንስ ወደ ሌላው ቁራጭ ሲያዛውሩ፣ ሌላው ቁራጭ ሁሉ የሄደበትን ቦታ ጠባይ እንደሚይዝ፣ ይህ ከንፈር ግን የትም ቢሄድ የራሱን መንገድ እንደማይለቅ አይተው ነበር። ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ አንድ ዝርያ ስለነበሩ የበቀለው ነገር ከማን ሥጋ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ሂልደ ሁለት ዝርያ እንድትወስድ ተባለ፤ አንደኛው ጀርባው ላይ ጉትዬ ያለው ትልቁ ኒውት፣ እንቁላሉ ነጣ ያለ፣ ሌላው ለስላሳው ኒውት፣ እንቁላሉ ቡናማ። የነጩን ከንፈር ቆርጣ በቡናማው ፅንስ ሆድ በኩል ብትተክል፣ ነጭና ቡናማው ራሱ ይመሰክራል።

መናገሩ ቀላል ነው፤ እጁን ተመልከቱት። ኒውት የሚራባው በረዶው ቀልጦ ኩሬው ሲሞቅ፣ ከእኛ ሚያዝያ እስከ ሰኔ ግድም ነውና፣ ያ ወቅት ካለፈ የሚመጣውን ዓመት መጠበቅ ነው። እንቁላሉ ይለቀማል፤ ከዚያም የተሸፈነበት ዝልግልግ ልባስ በወረንጦ ይገፈፋል። ልባሱ የወጣለት ፅንስ ትንሽ ቢጫኑት የሚፈርስ ነው። ሂልደ በእሳት ነበልባል ተስቦ በቀጠነ የመስታወት መርፌና በሕፃን ፀጉር ቋጠሮ፣ መሬቱ ሰም በሆነ የመስታወት ሳህን ላይ፣ አጉሊ መሣሪያ ላይ ጎንበስ ብላ የነጩን ከንፈር ትቆርጣለች፣ በቡናማው ጎን ቀዳዳ ትከፍታለች፣ ቁራጩን ታስገባለች፣ ቁስሉ እስኪገጥም ትጠብቃለች። ዛሬ የምናውቃቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ገና አልተገኙም። ማታ ደህና ሆኖ ያመሸ ፅንስ ጠዋት በባክቴሪያ ተበልቶ ይገኛል። ሞተ፣ ደግማ ተከለች፣ ሞተ፣ ደግማ ተከለች፣ ወቅቱም አለፈ። በ1921 ጀምራ በ1922ም ቀጠለች፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት በጽሑፏ በዝርዝር ያስቀመጠቻቸው ፅንሶች ስድስት ብቻ ናቸው።

ስድስቱ ግን በቁ! ቡናማው ፅንስ በጀርባው በኩል የራሱን ጀርባ እንደ ወጉ አወጣ፤ በሆዱ በኩል ደግሞ ማንም ያላዘዘው ሁለተኛ ጀርባ ተነሣ፣ ከነነርቭ ቱቦው፣ ኡም 132 የሚል ምልክት በተሰጠው ፅንስ ላይ ደግሞ በደንብ ተሟልቶ። ሂልደ ፅንሶቹን በስስ በስሱ ቆርጣ፣ ቀለም ነክራ በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ትልቁ ነገር ተገለጠ። ሁለተኛው ፅንስ ከነጩ ሥጋ ብቻ አልተሠራም። ኖቶኮርድ የሚባለው የጀርባ ዘንግ በአብዛኛው ነጭ ነው፤ የነርቩ ቱቦ ግን በአብዛኛው ቡናማ ነው። ሆድና የሆድ ቆዳ ሊሆኑ ተመድበው የነበሩት የባለቤቱ ሕዋሶች፣ እንግዳው ቁራጭ መጥቶ ከአጠገባቸው ስለተቀመጠ ብቻ፣ ነርቭ ሆኑ። ደቦ የጠራ ገበሬ ብቻውን አያርስም፤ ይህም ቁራጭ ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሠራቸው። ሽፔማን አደራጅ ብለው ሰየሙት።

ጎረቤትን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ያሳዝናል። ሂልደ በ1921 የሽፔማንን ዋና ረዳት ኦቶ ማንጎልድን አግብታ ነበር። በ1923፣ አንድ ዶላር በትሪሊዮኖች ማርክ እስከ መመንዘር በደረሰበት ዓመት፣ ዶክትሬቷን ተቀበለች፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ወንድ ልጅ ወለደች። ጽሑፉ ለመታተም ሲዘጋጅ ሽፔማን ስማቸውን ከእሷ ስም በፊት አስቀመጡ። የሌሎቹ ተማሪዎቻቸው የዶክትሬት ሥራ በራሳቸው ስም ብቻ ሲወጣ የእሷ አልወጣም፤ አልወደደችውም። እኔ ሽፔማንን ሌባ አልላቸውም። ጥያቄው የእሳቸው ነው፣ ዘዴው የእሳቸው ነው፣ ሃያ ዓመት የታገሉበት ነው። ግን ሌሎቹ ያገኙትን ለእሷ ማጉደል ሚዛን ማጉደል ነው።

ባሏ በርሊን ዳህለም በሚገኘው የካይዘር ቪልሄልም የባዮሎጂ ተቋም ሥራ አገኘና በ1924 ሕፃኑን ይዘው ወደ ሰሜን ተጓዙ። የአገሩ በጋ ሊያልቅ ሲል፣ ማእድ ቤት ውስጥ ማሞቂያው ፈነዳ። ሂልደ በቃጠሎው ቁስል ሴፕቴምበር 4 ቀን 1924፣ በእኛ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አረፈች። 26 ዓመት አልሞላትም። ጽሑፏ ታትሞ አላየችውም። ሕፃኑ ልጇም አድጎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተ።

ሽፔማን በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለሞተ ሰው አይሰጥምና የእሷ ስም በሽልማቱ የለም። ሃምቡርገር አይሁዳዊ ነበርና፣ በ1933 አሜሪካ ለጥናት ሄዶ ሳለ ከፍራይቡርግ ሥራው መሰናበቱ በደብዳቤ ደረሰው፤ እዚያው ቀረ፤ ዕድሜውም መቶ ዓመት ደረሰ።

አደራጁ በምን ቋንቋ ነው የሚያዘው? እዚህ ላይ ሳይንስ አንድ ሙሉ ትውልድ ባዘነ። በ1932 የተገደለ ከንፈር እንኳ ነርቭ እንደሚያስነሣ ታየ፤ እንግዲያው ኬሚካል ነው ተባለና ፍለጋው ተጀመረ። ግን የተሞከረው ሁሉ በኒውት ላይ ይሠራ ጀመር፤ የሌላ እንስሳ አካል ቁራጭም፣ የሕዋስ ማቅለሚያ ቀለምም ጭምር። ሁሉ ቁልፍ የሚከፍተው በር ምን ይነግራችኋል? ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ተበተነ። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በጂን ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ወደ አፍሪካዊቷ ባለጥፍር እንቁራሪት ዞሩና በ1992 በካሊፎርኒያ የሪቻርድ ሃርላንድ ቤተ ሙከራ ኖጊን የተባለውን ፕሮቲን፣ በ1994 ደግሞ የኤድዋርዶ ደ ሮበርቲስ ቤተ ሙከራ ኮርዲንን አገኙ። ሁለቱም ከአደራጁ የሚወጡ ናቸው።

እነዚህ ፕሮቲኖች ሕዋሱን ነርቭ ሁን አይሉትም። ቢኤምፒ የተባለ ሌላ መልእክት በፅንሱ ሁሉ እየዞረ የውጭ ሕዋሶችን ቆዳ ሁኑ ይላቸዋል፤ ኖጊንና ኮርዲን ቢኤምፒን ይዘው ያንን ድምፅ ያፍኑታል። ድምፁ ያልደረሰው ሕዋስ ወደ ነርቭ ያመራል። ያ ነጭ ከንፈር በቡናማው ሆድ ያደረገው ዋናው ነገር መከልከል ነበር፤ ቀለሙም ሌላውም ለምን ይሠራ እንደነበር በዚህ ይገባል፣ የኒውት ሕዋስ ትንሽ ሲነካ ያንን መልእክት መስማት ያቆማልና። በ2018 ደግሞ በኒውዮርክ ከሰው ግንደ ሕዋስ የተሠራ አደራጅ በዶሮ ፅንስ ላይ ሲተከል የዶሮዋን ሕዋሶች እንዲሁ ጠርቶ ሁለተኛ የጀርባ መስመር አስነሣ። እኛም የመጣነው በዚሁ መንገድ ነው።

እናንተ ባዮሎጂ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙ መጻሕፍት ዛሬ ይህን ቁራጭ የሽፔማንና የማንጎልድ አደራጅ ብለው ይጠሩታል፤ አንዳንዶቹ ግን አሁንም ሽፔማንን ብቻ ይጽፋሉ። ሰሌዳው ላይ ስትጽፉት ሁለቱንም ስም ጻፉ፤ የማንጎልድ ስም ሲነሣም ኦቶ ሳይሆን ሂልደ መሆኗን ለልጆቹ ንገሯቸው።