«ፌዴ»፤ እምነትም ቀለበትም የሆነ ቃል



የጌጥን ስም አመጣጥ መመርመር ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት የቀለበት ስም ከአገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘችበት ጊዜ አለና፥ ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ነው።

ኢጣልያኖች ለጌጥ ያወጡት ስም አብዛኛው ከሰው ገላ የተወሰደ ነው። የአንገት ሐብል «ኮላና» ይባላል፤ «ኮሎ» አንገት ነውና። ጉትቻን «ኦሬኪኖ» የሚሉት ጆሮ «ኦሬኪዮ» ስለ ሆነ ነው፤ አምባርም «ብራቻሌ» የተባለው ክንድን «ብራቾ» ስለሚሉት ነው። የነዚህ ሁሉ ሥር ላቲን ነው። በላቲን «ጌማ» የሚባለው ቃል ግን የከበረ ድንጋይም የተክል እንቡጥም ማለት ነው። ሊቁ ሲሴሮ፥ ገበሬዎች የወይኑን እንቡጥ በዕንቍ መስለው የሰየሙት መስሎት ነበር፤ የኋላ ሊቃውንት ግን አብዛኞቹ እንቡጡ ቀድሞ፥ ድንጋዩ በርሱ እንደ ተሰየመ ይናገራሉ። የገበሬው ቃል የባለጸጋውን መቅደሙ ለኔም የተገባ ይመስለኛል።

ቀለበት በላቲን «አኑሉስ»፥ በኢጣልያንኛ «አኔሎ» ነው። የጋብቻ ቀለበት ግን «ፌዴ» የሚል ሌላ ስም አለው። ይህም «ፊዴስ» ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው እምነት፥ ታማኝነት፥ የተሰጠ ቃል ማለት ነው። ሮማውያን ፊዴስን እንደ አምላክ ቈጥረው በካፒቶል ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደስ ሠርተውላት ነበር። የተጨባበጡ ሁለት ቀኝ እጆች የመተማመን ምልክት ሆነው በቀለበት ላይ ይቀረጹ ነበርና፥ የእምነት ስም ለቀለበት መሰጠቱ አያስደንቅም።

የፋሺስት መንግሥት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የፈረደው የንግድ ቅጣት ኅዳር 8 ቀን ተጀመረ። ሙሶሊኒም ወርቅ ቸግሮት ነበርና፥ ልክ በወሩ ታኅሣሥ 8 ቀን «የፌዴ ቀን» ተብሎ እንዲከበር አደረገ። ሰሚው «የእምነት ቀን» ወይም «የቀለበት ቀን» ብሎ ሊተረጕመው ይችላል፤ ተንኰሉም እዚሁ ላይ ነው። ለባሏ የገባችውን ቃል በጣቷ የያዘች ሴት፥ ያንኑ ቃል አውልቃ ለጦርነት እንድትሰጥ ተጠየቀች፤ ብትከለክል ቀለበቷን ብቻ ሳይሆን እምነቷንም የነፈገች ትመስላለች። ንግሥት ኤሌና በሮማ ከተማ፥ የማይታወቀው ወታደር ባረፈበት የአገር መሠዊያ ፊት፥ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጡ። በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችም ተከተሏቸው።

በምትኩ የተሰጣቸው የብረት ቀለበት ነበር። ፕሊኒ የተባለው የሮማ ጸሓፊ፥ በርሱ ዘመን ለታጨች ሴት ይላክ የነበረው ፈርጥ የሌለው የብረት ቀለበት እንደ ነበረ ጽፏልና፥ ነገሩ ወደ ጥንቱ ልማድ የተመለሰ ይመስላል። ነገር ግን በ1928ቱ ቀለበት ላይ የተቀረጸው የባል ስም አልነበረም፤ «ወርቅ ለአገር» የሚል ጽሑፍና የንግድ ቅጣቱ የተጀመረበት ቀን ነበር።