ዝም ሲል ሳቁለት፣ ሲናገር በር ዘጉበት

ከዓመታት በፊት ነው። ሰበታ፣ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ታክሲ ስጠብቅ ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አንገቴን አስግጌ ባይ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ከዘራ የሚያሽከረክር፣ ጫማው የሰፋው ያ ሰውዬ! ቻርሊ ቻፕሊን። አግዳሚው ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያወጉ ልጆች ተደባልቀዋል። እኩል ይስቃሉ። አስተርጓሚ የለ፣ ማን ፈልጎት!

ያን ሳቅ ከየት አመጣው ቢሉ፣ ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የተወለደው ቻርሊ፣ አባቱ መጠጥ የጣለው፣ እናቱ አእምሮዋን የታመመች፣ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ የገባ ልጅ ነበር። በ1914 ፊልም ሲጀምር ያንን ጨዋ ድሃ ፈጠረ።

በ1927 ፊልም አፍ ሲያወጣ ሌላው ተሽቀዳደመ፤ እሱ እምቢ አለ። በ1931 «የከተማ መብራቶች» በተባለው ፊልሙ ሰውዬው አንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ እንድታይ ገንዘብ አግኝቶ ይሰጣታል። ዓይኗ ከበራ በኋላ ግን የምታውቀው በማየት አይደለም፤ እጁን ስትዳብሰው ነው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት ሰበታ ይህ ታሪክ ቢተረክ ማን ባዕድ ይለዋል?

በየካቲት 1936 «ዘመናዊ ጊዜ» ወጣ። ያን ጊዜ ጣሊያን በመርዝ ጋዝ እየፈጀን ነበር። ቻርሊ በዚያ ፊልም ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያሰማም፣ የዘፈነው የማንም ባልሆነ ቋንቋ ነው! በ1940 ግን «ታላቁ አምባገነን» በተሰኘው ፊልም አፉን ከፈተ። ሂትለርን ራሱ ሆኖ አላገጠበት፤ ሙሶሊኒንም በሌላ ተዋናይ አሳቀበት። መጨረሻ ላይ ቀልዱን ትቶ ስለ ሰው ልጅ ክብር ተናገረ። እኛ ገና በወረራ ሥር ነበርን።

ከዚያስ? ኮሚኒስት ነው ተባለ። በ1952 ከአሜሪካ እንደወጣ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ። ስዊዘርላንድ ኖረ። በ1972 ሆሊውድ ጠርቶ የክብር ኦስካር ሰጠው፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። በ1977 በፈረንጆቹ ገና ዕለት አረፈ።

ተረታችን «ዝም አይነቅዝም» ይላል። እውነትም የቻርሊ ዝምታ አልነቀዘም፤ የሰበታ ልጆች ምስክር ናቸው። ግን ንግግሩስ ነቀዘ? አስከፈለው እንጂ አልነቀዘም። ታክሲዬ መጥታ ስሄድ፣ ሳቁ ከኋላዬ ነበር። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።